የአረም መድኃኒት ለግቢና ለጓሮ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ገብቶ ሣሩ አጥር ሲያክል ጥያቄውም አብሮ ይበዛል፤ ከቀላሉ እንጀምር።

የአረም መድኃኒት ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ስማቸው በብዛት የሚጠራው ሁለት ናቸው። አንዱ ቱፎርዲ ነው፤ በጽሑፍ 2,4-ዲ ይባላል። ሌላው ግላይፎሴት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ራውንድአፕ በሚለው የንግድ ስሙ ነው።

ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ የሆነውን አረም ይገድላል፤ የሣር ዘር የሆነውን ግን ብዙም አይነካም። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የሣር ዘር ስለሆኑ ገበሬው ማሳው ላይ ረጭቶት ሰብሉ ይተርፍለታል። ግቢ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ፣ ጌሾው፣ ቡናው፣ ፓፓያው ሁሉም ቅጠለ ሰፊ ናቸው። ለገበሬ የሚያድነው መድኃኒት ለጓሮ ባለቤት ጠላት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ግላይፎሴት ደግሞ አይመርጥም። አረንጓዴ ቅጠል ላይ ካረፈ ወደ ሥር ወርዶ ያደርቃል፤ ሰርዶም ይሁን ጤና አዳም ለእሱ ልዩነት የለውም። ገበያ ላይ ከዋለ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ስንዴ አምራቾች የሚጠቀሙበትን ፓላስን ደግሞ «ለግቢም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እለፉት። የተሠራው ለስንዴ ማሳ ነው።

ለግቢዬ በእርግጥ ያስፈልገኛል?

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ሙጃና መጭ በእጅ ሲሳብ ከነሥሩ ይወጣል። ዋናው ነገር ዘር ሳይጥል መድረስ ነው። ሐምሌ ላይ በአንድ ጠዋት የሚያልቀው ሥራ ዘር ከጣለ ለሚቀጥለው ክረምትም ይተርፋል። ከነቀላችሁ በኋላ መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ወፈር አድርጋችሁ ሸፍኑት። ብርሃን ያላገኘ ዘር ብዙውን ጊዜ አይወጣም።

የሚያስቸግሩት ሰርዶ እና መሬት ውስጥ ፍሬ የሚያኖሩት የቄጤማ ዘመዶች ናቸው። ሰርዶን ቆርጣችሁ ከጣላችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በሹካ ቆፍሮ ሥሩን መልቀምና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ አድካሚ ነው ግን ይሠራል። ፓርቴኒየም (ቅንጬ አረም) ካያችሁ ሳያብብ፣ በጓንት ንቀሉት። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳል፣ የበላችው ላም ወተትም ይመራል።

መድኃኒት ትርጉም የሚሰጠው በድንጋይ መካከል ለበቀለ፣ አጥር ሥር ለተሰገሰገ ወይም ሰፊ ቦታ ለያዘ ሰርዶ ነው። ለአራት መደብ ጎመን አንድ ሊትር ግላይፎሴት መግዛት ግን ለችግሩ የማይመጥን መፍትሔ ነው።

ከየት ልግዛ?

ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ከሰቀለ የግብርና ግብዓት መሸጫ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበርና ዩኒየን። ዕቃው የታሸገ፣ ማኅተሙ ያልተከፈተ፣ ሌብሉ ያልተላጠ መሆን አለበት። ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ የሚሰጥ ነጋዴ ነገ ችግር ቢመጣ የት እንደምታገኙት ታውቃላችሁ።

የማይገዛበት ቦታም ግልጽ ነው። ገበያ ላይ ከሽሮና ከበርበሬ ጎን የተዘረጋ መድኃኒት አይገዛም። ከትልቅ ጀሪካን በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጥም አይገዛም። ርካሽ መሆኑ ያጓጓል፤ ግቢያችሁ ትንሽ ስለሆነም «ሩብ ሊትር ይበቃኛል» ትላላችሁ። ግን ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ቱፎርዲ ይሁን ግላይፎሴት፣ ጊዜው ያለፈበት ይሁን በውኃ የተበረዘ፣ በምንም አታውቁትም። ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውኃ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሌብል የሌለው ዕቃ ቤታችሁ አይግባ።

«አዲስ ሕግ ወጥቷል» ይባላል። እኔን ምን ይመለከተኛል?

ሰው «አዲስ» የሚለው አብዛኛው ነገር አዲስ አይደለም። መሠረቱ የተጣለው በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1990 እ.ኤ.አ. ልዩ ድንጋጌ ነበር። የአረም መድኃኒት በሕጉ ዓይን ከፀረ-ተባይ ወገን ነው፤ ከነፍሳትና ከፈንገስ ማጥፊያው ጋር አብሮ ይቆጠራል። ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ማስመጣት፣ መሸጥና መጠቀም አይቻልም። ሻጩም የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ምዝገባውን በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው።

ለግቢ ሰው ይህ ማለት ምንድን ነው? መድኃኒት የሚመዘገበው ለተለየ ሰብልና ለተለየ አረም ነው። ለስንዴ የተመዘገበ መድኃኒት ለሰላጣ መደብ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ፣ እዚህ ያልተመዘገበ ጠርሙስም ዘመድ ስላመጣው ብቻ ሕጋዊ አይሆንም። የተመዘገቡት ዝርዝር ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይገባል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የቀበሌውን ወይም የክፍለ ከተማውን የግብርና ባለሙያ «ይኼ አሁንም ተመዝግቧል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴውን መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ግን ነጋዴው መሸጥ ይፈልጋል።

ሌብሉ ላይ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ዋናውን ንጥረ ነገርና ብዛቱን። የንግድ ስም ብዙ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ግላይፎሴት 360 ግራም በሊትር የያዘ አለ፤ 480 የያዘም አለ። በአንዱ የለመዳችሁትን ልኬት በሌላው ከደገማችሁ መጠኑ ይበዛል ወይም ያንሳል። ቱፎርዲ ብዙ ጊዜ 720 በሚል ቁጥር ይመጣል። ቀጥሎ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ከዚያ ለምን ሰብልና ለምን አረም እንደሆነ አንብቡ።

ከሥር ያለችው የቀለም መስመር ደግሞ የመርዛማነቱን ደረጃ ትነግራችኋለች። ቀይ በጣም አደገኛ ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እያሉ እየቀለለ ይሄዳል። ግን መስመሯን ብቻ አትመኑ። ፓራኳት የሚባለው አረም ማጥፊያ በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ከቢጫዎቹ ወገን ነው፤ ሆኖም ትንሽ ጉንጭ እንኳ ከተዋጠ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይፈቅደውም። በእኔ ግምት ልጅ ላለበት ግቢ ፓራኳት መግባት የለበትም፤ ለግቢ የሚያስገድድ ምክንያትም አይታየኝም።

አማርኛ የሌለበትን፣ ወይም አማርኛው ተነቦ የማይገባችሁን ሌብል ይዞ የመጣ ዕቃ መልሱት።

ሌብሉ የሚናገረው በሄክታር ነው፤ የእኔ ግቢ ግን 100 ካሬ ነው። እንዴት ልለካ?

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። 100 ካሬ ማለት የሄክታር መቶኛ ነው። ስለዚህ ሌብሉ ላይ ያለውን ሁሉ፣ መድኃኒቱንም ውኃውንም፣ ለ100 አካፍሉት። ለምሳሌ «2 ሊትር በ200 ሊትር ውኃ ለአንድ ሄክታር» የሚል ከሆነ፣ ለ100 ካሬ 20 ሚሊ ሊትር መድኃኒት በ2 ሊትር ውኃ ይሆናል። 20 ሚሊ ሊትር ከምታስቡት በላይ ትንሽ ነው። ግቢ ውስጥ የሚደርሰው ጥፋት ብዙው ከዚህ ይመጣል፤ ሰው በዓይኑ ገምቶ አሥር እጥፍ ያፈሳል።

በቡና ሲኒ ወይም በጠርሙስ ክዳን አትለኩ። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ግዙ፣ መርፌውን ጣሉ፣ በማርከር «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበትና ከመድኃኒቱ ጋር ተቆልፎ ይቀመጥ። የመርጫውን አካሄድ ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ሞልታችሁ በተለመደው እርምጃችሁ ርጩ። 2 ሊትር ስንት ካሬ እንደሸፈነ ታያላችሁ።

ስለ ውኃው አንድ ነገር ልጨምር። ግላይፎሴት ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ በኋላ አረም አይገድልም። በክረምት ከጣና፣ ከዓባይ ወይም ከቦይ የተቀዳ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ከቀላቀላችሁት ግማሹን ሳትረጩ አባከናችሁት ማለት ነው። የቧንቧ ውኃ ተጠቀሙ። በዚንክ በተለበጠ የቆርቆሮ ባልዲም አትቀላቅሉ፤ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጥራል። ፕላስቲክ ይሻላል።

ስረጭ ምን ልልበስ?

ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ መነጽር። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ የሚንጠባጠበው ወደ እግራችሁ ይፈሳል። የሐኪም ስስ ጓንት አይበቃም። በጣም አደገኛው ሰዓት የመርጨቱ ሳይሆን የመቀላቀሉ ነው፤ ያኔ እጃችሁ ላይ ያለው ያልተበረዘው ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ የተዘጋ ኖዝል (የመርጫውን ጫፍ) በአፉ እየነፋ የሚረጭ የቀን ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። የቀጠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ጓንቱንና ቦቲውን ማቅረብም የእናንተ ነው። ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

በስንት ሰዓትና በየትኛው ወቅት ልርጭ?

በጠዋት፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ንፋስ ሳይነሳ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ከሌላ ከተማ ይልቅ ይሠራል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ቀኑ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሳል። የታንኳ ሰዎች በጠዋት መውጣት የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰዓት በኋላ የምትረጩት ጠብታ የእናንተን አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ጓሮ ይገባል። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ፣ በተለይ በመጋቢትና ሚያዝያ፣ አንዳንዱ የቱፎርዲ ዓይነት ካረፈበት ቅጠል ላይ ተንኖ ይሄዳል።

ዝናብን በተመለከተ፣ ግላይፎሴት በአብዛኛው ለ6 ሰዓት ያህል ሳይታጠብ መቆየት ይፈልጋል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚወደው ከሰዓት በኋላን ነው፤ ይህም ወደ ጠዋቱ ይገፋፋችኋል። ሰማዩ ከጠቆረ ለነገ አሳድሩት።

ረጭቼ ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ምንም አልሆነም። ልድገም?

አትድገሙ። ግላይፎሴት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ቢጫ መሆን የሚጀምረው ከሳምንት ወዲህና ወዲያ ነው፣ ለመድረቅ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሰው በሦስተኛው ቀን «አልሠራም፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ እጥፍ ይረጫል። አረሙ ሊሞት የነበረው በመጀመሪያው ነው። በዚህ መካከል አትጨዱትም፤ ቅጠሉ ከሌለ መድኃኒቱ ወደ ሥር የሚወርድበት መንገድ አይኖረውም።

በጨው፣ በበረኪና ወይም በናፍጣ ብገድለውስ?

ጨው አረሙን ይገድላል፤ አፈሩንም አብሮ ይገድላል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ጎመን አትጠብቁ። ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከዚያ የባሱ ናቸው፤ አፈር ውስጥ ይቆያሉ፣ በዝናብ ወደ ቦይ ይገባሉ። በረኪና ከሌላ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ሊወጣው ስለሚችል እሱንም ተዉት። «የቤት ውስጥ ነገር ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

በኮብልስቶን መካከል ለበቀለ ሣር የፈላ ውኃ አፍስሱ። ርካሽ ነው፣ ምንም አይተውም። ሥር የሰደደው ደግሞ ይመለሳል፤ እንደገና ታፈሳላችሁ።

ልጆች፣ ዶሮዎችና ላሚቱስ?

ልጆችና ዶሮዎች የተረጨው ቢያንስ እስኪደርቅ ድረስ አይግቡ፤ ሌብሉ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ዶሮ የተረጨ ቅጠል መጫር ስለምትወድ ቢቻል እስከ ማግሥቱ ቆልፉባት።

ላምና በግ ሌላ ጉዳይ ነው። በቱፎርዲ የተረጨ አረም ሲጠወልግ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ከብት በሌላ ጊዜ የማትነካውን መርዛማ ተክል ልትበላው ትችላለች። ለግጦሽና ለአጨዳ የሚፈቀደውን የቀን ብዛት ሌብሉ ላይ ፈልጉ። ከሌለ ያንን ሣር ለከብት አትስጡ። አትሽጡትም፤ ከእናንተ ሣር የሚገዛው ሰው የምትታለብ ላም ሊኖረው ይችላል። የተረጨ ሣር ኮምፖስት ውስጥም አይግባ። አንዳንድ የአረም መድኃኒቶች በሣር፣ በፍግና በኮምፖስት ውስጥ ብዙ ወራት ቆይተው በሚቀጥለው ዓመት ቲማቲሙን ያጣምማሉ።

ቄጤማና እንግጫ ከሚታጨድበት ቦታ አጠገብ መርጨት ይቻላል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን በጣም የማከብረው ጥያቄ ይኼ ነው። በዓል ሲመጣ ከሐይቁ ዳርና ከረግረጉ የታጨደ ቄጤማ በየቤቱ ይጎዘጎዛል። ቡና የሚፈላው እዚያ ላይ ነው፤ ሕፃን የሚድኸውም እዚያ ላይ ነው። በጳጉሜ ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ሲወጡ በባዶ እጃቸው ነው የሚነቅሉት፤ አበባውንም ቤት ይዘውት ይገባሉ። የተረጨ ቄጤማ ከውጭ ሲታይ ለቀናት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ አጫጁ በምን ያውቃል?

ስለዚህ እንደዚህ ያለ ቦታ አጠገብ አትርጩ። በተለይ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል። ሳማ፣ አሉማና ዳማ ከሴ የሚለቀምበት አጥር ሥርም እንደዚሁ ነው። ንብ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት የማሩ ወቅት ነው፤ አደዩና መጩ ሲያብቡ መርጨት የንቡን ማዕድ ማንሳት ነው።

ባዶውን ዕቃ ምን ላድርገው? የተረፈውንስ?

ባዶውን ዕቃ መርጫው ውስጥ እያፈሰሳችሁ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ እጣቢው ከሚረጨው ጋር አብሮ ይረጫል። ከዚያ ታችኛውን በምስማር ብሱት። ካልተበሳ ሰው ያነሳዋል። ዘይት፣ ጠላ፣ ውኃ ይቀዳበታል። አሥር ጊዜ ቢታጠብም ፕላስቲኩ ውስጥ የገባው አይወጣም። አታቃጥሉት፣ ለቆራሌውም አትስጡት። ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱ፤ ካልተቀበለ የግብርና ባለሙያውን የት እንደሚሰበሰብ ጠይቁ።

የተቀላቀለ ከተረፈ ሌብሉ የሚፈቅደው ሌላ አረም ላይ ርጩት። ቦይ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ አይደፋም። የባሕር ዳር የጎርፍ ቦዮች መድረሻቸው ጣና ወይም ዓባይ ነው። መርጫውንም ቧንቧው ሥር ሳይሆን የረጫችሁበት ሣር ላይ እጠቡት።

ያልተቀላቀለው በራሱ ዕቃ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ከእህልና ከመኝታ ርቆ ይቀመጥ። ቁልፉ ለልጅ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ የተከፋ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እጅ የማይደርስበት መሆኑ ሕይወት ያተርፋል።

ሰው ቢጠጣው ወይም ዓይኑ ውስጥ ቢገባስ?

ዓይን ከሆነ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። ቆዳ ከሆነ ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ።

ከተጠጣ አታስመልሱት። ሲመለስ ጉሮሮንና ሳንባን ሁለተኛ ይጎዳል። ወተት፣ ቅቤ፣ ሎሚ አትስጡ፤ ወተት መርዝን ያረክሳል የሚባለው እዚህ አይሠራም፣ ጊዜ ብቻ ይበላል። ዕቃውን ከነሌብሉ ይዛችሁ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ወይም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የጠጣው ምንድን ነው?» ነው። በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ መልሱ ማንም ጋ የለም። ሰውዬው «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ አትመለሱ፤ ፓራኳት ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ ደህና ይመስላል።

ግላይፎሴት ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

ክርክሩ እውነተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የሰፋ» ከሚላቸው ወገን መደበው። 2,4-ዲንም በዚያው ዓመት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ «ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ጋር አስቀመጠው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋምና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በግላይፎሴት ላይ በዚህ አልተስማሙም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ለ10 ዓመት አራዘመ። ፈረንሳይ ግን ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት አትክልተኞች መሸጡን ከልክላለች፤ ገበሬዎቿ ይጠቀሙበታል።

አለመስማማቱ በከፊል የጥያቄው ልዩነት ነው። አንዱ የሚጠይቀው «ነገሩ በባሕርዩ ካንሰር ማምጣት ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ሌላው «ሰው በተለመደው አጠቃቀም በሚያገኘው መጠን ያመጣል ወይ?» ይላል። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ «የተለመደው አጠቃቀም» ነጠላ ጫማና ባዶ እጅ ከሆነ፣ በጓንትና በቦቲ ታስቦ የተሰላው ማረጋገጫ እኛን ይሸፍነናል ብዬ ለመናገር እቸገራለሁ። የፈረንሳይ ምርጫ ለእኔ ስሜት ይሰጣል፤ የግቢ ሰው አማራጭ አለው።

ጎረቤቴ ረጭቶ የእኔ ፓፓያና ቃሪያ ተጣመመ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መድኃኒቱ መሆኑን ለዩ። አዲሱ ቅጠል እንደ ክር ቀጥኖ ወይም ተጠቅልሎ፣ ግንዱ ተጣምሞ ከሆነ የቱፎርዲ ምልክት ነው። አዲሱ እምቡጥ ነጣ ብሎ፣ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ግላይፎሴት ይጠረጠራል። ቫይረስም፣ ትንንሽ ተባዮችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። ልዩነቱ፣ የመድኃኒት ጉዳት ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጎረቤት ያለው ወገን ይበረታል፣ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል፣ የተለያዩ ተክሎችንም ባንድ ጊዜ ይነካል።

በቀኑ ፎቶ አንሱ። ጎረቤታችሁን ምን እንደረጨና መቼ እንደረጨ በወግ ጠይቁት፤ ዕቃውን ማየት ከቻላችሁ ሌብሉን ፎቶ አንሱ። ጠብ አትጀምሩ፤ ስሙን ካልነገራችሁ ባለሙያውም ሊረዳችሁ አይችልም። ከዚያ የግብርና ባለሙያ አስጠሩ፣ አይቶ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ብዙው እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ያልቃል፤ ካላለቀ ወረቀቱ ይጠቅማችኋል። እስከዚያ ድረስ ከዚያ ዛፍ ፍሬ አትብሉ። ፓፓያው ጠንካራ ከሆነ ንጹሕ ቅጠል መልሶ ሊያወጣ ይችላልና ለመቁረጥ አትቸኩሉ።

ቦታዬ ሐይቁ ዳር ነው፤ ጉድጓድም አለኝ። የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ፦ ሐይቁ ዳር አትርጩ። ለውኃ ዳር ተብሎ ያልተመዘገበ ግላይፎሴት ውስጥ የሚጨመረው ማጣበቂያ ሳሙና ለዓሣና ለእንቁራሪት ከግላይፎሴቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል።

ጉድጓድ አፍ አካባቢም በመቆፈሪያ ብቻ ሥሩ። በዝቅተኛ ሠፈሮች በክረምት የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ይጠጋል። መድኃኒት መቀላቀልም ሆነ መርጫ ማጠብ ጉድጓዱ ዘንድ አይደረግም።

እንግዲያው እምቦጭን ለምን በመድኃኒት አናጠፋውም? ሌላ አገር ይረጭ የለ?

ይረጫል። ግላይፎሴትም 2,4-ዲም እምቦጭን ይገድላሉ፤ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ለዓመታት ተሠርቶበታል። ጣና ላይ ከታየ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል፤ ሰዉ በእጁና በማሽን ሲታገል እያየ ማን አይጠይቅም? በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት አገር አቀፍ ዘመቻ ተደርጎ ነበር፣ እምቦጩ ግን ተመልሷል።

ችግሩ ከገደሉት በኋላ ነው የሚጀምረው። ምንጣፍ የሚያክል አረም ባንድ ጊዜ ሞቶ ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ሥሩ ያለው ዓሣ ያልቃል። የጣናን ውኃ በቀጥታ የሚጠጣ፣ ከብቱን የሚያጠጣ፣ መስኖ የሚስብበት ሕዝብ አለ፤ ከታች ደግሞ ዓባይ ነው። ዘሩም ሐይቁ ሥር 20 ዓመት ገደማ መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ አንዴ ተረጭቶ አያልቅም፣ በየዓመቱ መርጨት ነው። የእምቦጩ ምግብ ደግሞ ከላይ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ያንን ተሸክመው እስከገቡ ድረስ እምቦጩ ቀለቡን አያጣም።

ስለዚህ አንዳንድ ሰው በራሱ ጊዜ በጀልባ ሄዶ ግላይፎሴት ልርጭ ሲል መልሱ አይሆንም ነው። ሐይቅ ላይ መርጨት የግለሰብ ውሳኔ አይደለም። እጃችሁ ከሐይቁ ጋር መሥራት ከፈለገ ነቀላው ላይ ቦታ አለ፤ የነቀላችሁትንም ማዕበል ከማይደርስበት አርቃችሁ ክመሩት፣ ዳር የቀረው ቁራጭ ተመልሶ ይበቅላል።